የመመሪያው አራተኛ መስመር

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቃል ተቀባይ ይሏታል። ቅጽል ስሙ ከድሮ ሥራዋ ተከትሏት የመጣ ነው። ወደ ሶፍትዌር ቤቱ ከመግባቷ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ የኋላ ክፍል ተቀምጣ የተደብዳቢና የደብዳቢ ቃል ስትጽፍ ኖራለች። የተፈነከተው፣ ጥርሱ የረገፈው፣ ፊቱ በፈላ ውሃ የተላጠው ሁሉ እሷ ፊት ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ነገሩን ከመጨረሻው ይጀምረዋል፣ ወደ መሃል ይዘላል፣ ያለቅሳል፣ ይራገማል። እሷ እስክሪብቶዋን አንስታ መጀመሪያ የት ቆሞ እንደነበር ትጠይቀዋለች። ከዚያ "ከዚያስ?" ትላለች። ትጽፍና እንደገና "ከዚያስ?" ትላለች። በዚህች አንዲት ቃል ስንቱን የተበታተነ ነገር መስመር አስይዛዋለች።

የራሷን ነገር ግን ጽፋው አታውቅም። ባሏ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። ማንኛውንም ነገር አንድ ጊዜ ያሳያታል፤ የጋዙን መክፈቻም ሆነ የበሩን ቁልፍ። በሁለተኛው ከተሳሳተች ይመታታል። ከመምታቱ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር ነበረች፦ "ስንት ጊዜ ልንገርሽ?" አንድ ጠዋት ጓሮ በር ላይ ቁልፉን ገልብጣ አስገብታ ስትታገል፣ ጋን ቁልፉን ከነሰንሰለቱ ከእጇ ነጥቆ በግራ ጆሮዋ ላይ አሳረፈው። ደሙ በአንገቷ ወርዶ ጡት መያዣዋ ውስጥ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጆሮ ከነፋስ ድምፅ በቀር የሚሰማው የለም። በማግስቱ ጆሮዋን በፋሻ አስራ ሥራዋ ገብታ የሦስት ሰው ቃል ጻፈች። የጣቢያው ሃምሳ አለቃ ፋሻውን አየና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ የጨርቅ ቦርሳ ልብሷን ይዛ ታላቅ እህቷ ቤት ገባች። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ባልየው በሳምንቱ በሩን በመፍለጫ ገንጥሎ ሲገባ፣ እህትየው ትልቁን የጨርቅ መቀስ መዳፉ ላይ ሰካችበት። እየጮኸ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰፈር አልታየም።

ቃል ተቀባይ ደም መጻፍ ስልችት ብሏት ነበር። አርባ አራት ዓመት ሲሞላት አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ጽሑፍ የሚያስተካክል ሰው እንደሚፈልግ ሰማች። ስለ ፕሮግራም የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ትየባ ግን ታውቃለች፣ ፊደልም አትስትም። ወሰዷት።

ድርጅቱ ለክሊኒኮች፣ ለመጋዘኖችና ለትምህርት ቤቶች ፕሮግራም ይሠራል። ሠራተኞቹ አንድን ትልቅ ፕሮግራም በትናንሽ ቁራጭ ይከፋፍሉታል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ጥቅል ይሉታል። ጥቅሉ ስም አለው፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ የሚናገር ቁጥር አለው፣ ያለ እነርሱ የማይሠራባቸው የሌሎች ጥቅሎች ዝርዝርም አለው። ያለቀው ጥቅል ሁሉም ወደሚጋራው ማከማቻ ይላካል። አዲስ ጥቅል የሚጀምር ሰው ከባዶ እንዳይነሳ አብነት የሚሉት የተዘጋጀ ፎልደር ይሰጠዋል፤ ውስጡ የሚሞሉ ባዶ ቦታዎች ያሏቸው ፋይሎች አሉ። ከአብነቱ ጋር አሥራ አንድ ገጽ መመሪያ አለ።

አብነቱንም መመሪያውንም የሠራው ዋናው ፕሮግራመር ነው። ከኋላው መዶሻ ይሉታል። በችሎታው የሚጠራጠር የለም፤ ሌላው ሳምንት የሚፈጅበትን እሱ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። የመመሪያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር "ይህን የሚያነብ ሰው መሠረታዊውን ነገር እንደሚያውቅ ይታሰባል" ይላል። ከዚያ በየገጹ "እንደሚታወቀው" አለ፣ "ቀላል ነው" አለ። ያልገባው ሰው ሄዶ ከጠየቀው ጉድ ይፈላል። አንዱን ጆሮውን ይዞ ስክሪኑ ድረስ ጎትቶት ጆሮው ሥሩ ላይ ተሰንጥቋል። ሌላዋን ኪቦርድ ወርውሮ ግንባሯን አሳብጦታል። ልጅቷ በማግስቱ ሥራዋን ለቀቀች። ሥራ አስኪያጁ ይሰማል፤ ግን እጁ ወርቅ ነው እያለ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ቃል ተቀባይ በገባች በሁለተኛው ወር መመሪያውን ስታነብ አራተኛው መስመር አልገባትም። ወደ መዶሻ ሄዳ ይህ መስመር ምን ለማለት እንደሆነ ጠየቀችው። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ "አንቺ አራት ነጥብሽን ልቀሚ" አላት። አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ለዚያች ዝምታ ከዚያ በኋላ ራሷን ይቅር ያለች አይመስለኝም።

በዚያው ሰሞን ኤሌክትሪሺያኑ የሚሉት ሰው ተቀጠረ። ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ምሰሶ ላይ ሆኖ ኤሌክትሪክ መትቶት ወድቆ ዳሌው ስለተሰበረ ዳግመኛ መውጣት አይችልም። ኮምፒውተር አሥር ወር ተምሮ አዲስ ሙያ ሊጀምር መጣ። ቃል ተቀባይን እትዬ ይላታል። "ኤሌክትሪክ ስትሳሳት እዚያው ይነግርሃል" ይል ነበር እየሳቀ፣ "ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ቂም ይይዛል።"

በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የመጀመሪያ ጥቅሉን ሊልክ መመሪያውን ዘርግቶ ተቀመጠ። አራተኛው መስመር "የቆየውን አጽዳ፤ ከዚያ ላክ" ይላል፤ ከሥሩ የማጽጃው ትእዛዝ ተጽፏል። ትእዛዙ የሚጸዳውን ፎልደር ስም የሚያነበው ከአብነቱ ነው፤ አብነቱ ላይ ደግሞ ያ ቦታ ባዶ ነው። ነባሮቹ እንደሚሞላ ያውቃሉ፤ ሙላው የሚል አንድ ቃል ግን የትም የለም። ባዶ ሲሆን ትእዛዙ የጋራ ማከማቻውን በሙሉ ጠራርጎ ያጠፋል። ኤሌክትሪሺያኑ እንደተጻፈው ጻፈ፣ ተጫነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ከሌላው ጠረጴዛ አንዱ ጥቅሎቹ የሉም አለ። ሌላዋም የሉም አለች። መጠባበቂያ ቅጂው ደግሞ ከአምስት ሳምንት በፊት ቆሞ ኖሯል፤ እሱን መከታተል የመዶሻ ሥራ ነበር። የአምስት ሳምንት የሰው ልፋት እንደ ጉም በነነ።

መዶሻ ሲነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ዓይኑ ደም ለብሷል። ማን እንደሆነ ጠየቀ። ኤሌክትሪሺያኑ እንደ ተማሪ ቀኝ እጁን አውጥቶ "እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ መመሪያው ላይ እንዳለው ነው ያደረግኩት" አለ።

መዶሻ ያወጣውን እጅ አንጓው ላይ ያዘው። ከጠረጴዛው ጎን የብረት ካቢኔት አለ፤ የላይኛው መሳቢያ ክፍት ነበር። እጁን መሳቢያው አፍ ላይ አድርጎ በጉልበቱ ዘጋበት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያለውን ድምፅ ክፍሉ ሁሉ ሰማው። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ ድምፅ አላወጣም፤ አፉ ብቻ ተከፈተ። መዶሻ መሳቢያውን ሳብ አድርጎ ደገመው።

"ስንት ጊዜ ልንገራችሁ!" አለና ሠለሰው።

ቃል ተቀባይ በደህናው ጆሮዋ የሰማችው ያንን ነው። እንዴት እንደተነሳች አታስታውስም። ሸሚዙን ከኋላ ጨምድዳ ስትጎትተው ሳይዞር በክርኑ አፏን አላት። የፊት ጥርሷ ተሰበረ፤ ግማሹን ከደሙ ጋር ዋጠችው። ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ቀዩን የእሳት ማጥፊያ ከመስቀያው አወረደች፣ ተመልሳ በሁለት እጇ ትከሻው ላይ አሳረፈችው። የአንገቱ አጥንት ተሰብሮ በጎኑ ወደቀ። ወለሉ ላይ ሆኖ ሊዞር ሲል ጉልበቱን ደገመችው። ጮኸ። ሦስተኛውን አንስታ እላዩ ላይ ቆማ ሳለ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ደም የሚያዘራውን እጁን ሆዱ ላይ እንዳቀፈ መጣና በግራ እጁ ክንዷን ያዘ።

"እትዬ፣ ይበቃል" አላት።

የእሳት ማጥፊያውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

ጣቢያው እሷ የሠራችበት አልነበረም። ቃሏን የሚቀበለው ፖሊስ ልጅ እግር ነው፤ ገና ሁለት ነገር ሳትናገር "በተፈጠረው ግርግር ጉዳት ደርሷል" ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ገልብጣ አነበበችና፣ ግርግር እጅ የለውምና ማን በምን ማንን እንደመታ እንዲጽፍ ነገረችው። ከዚያ ራሷ አንድ በአንድ አስጻፈችው፦ መሳቢያውን፣ ክርኑን፣ ጥርሷን። የራሷ ጋ ሲደርስ ፖሊሱ "ራሷን ለመከላከል" ብሎ ሊያልፈው ነበር።

"የመጀመሪያው ለመከላከል ነበር" አለች በሚያብጥ ከንፈሯ። "ሁለተኛውን የመታሁት ወድቆ ነው። እሱንም ጻፍ።"

"እናቴ፣ ይሄ እኮ እርስዎን ነው የሚጎዳው።"

"ይጎዳኛል። ጻፈው።"

ጻፈው። ለፖሊሱ ያልነገረችውን ግን ያን ዕለት ማታ ለእህቷ ነገረቻት፤ ሁለተኛዋ ምት ጣፍጣት ነበር። እህቷ የምትሰፋውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አሳረፈችና እሷም መቀሱን ስትሰካ ጣፍጧት እንደነበር፣ ከዚያ ግን አንድ ወር ሙሉ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቅቷት እንደከረመ አጫወተቻት።  ቃል ተቀባይ ለብ ባለ የጨው ውሃ ተጉመጥምጣ ተኛች።

ፍርድ ቤቱ መዶሻን አንድ ዓመት ተኩል ፈረደበት። እሷን ስድስት ወር ፈረደባትና በገደብ አገዳት። የፍርዱ ሰሞን የመዶሻ ወንድም የቃል ተቀባይን እህት መስኮት በድንጋይ ሰብሮ ስብርባሪው የእህትየውን ቅንድብ ቀደደ፤ ሲታሰር ነገሩ በረደ።

ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ ኤሌክትሪሺያኑን ለማሰናበት ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር። ለጣቶቹ ከልቡ አዝኗል። ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ጠይቆታል። ግን የአምስት ሳምንት ሥራ ያጠፋ ሰው እንዴት ይቀጥላል? ጤነኛ ሰው እንዲያ ያለ ቦታ ባዶ ይተዋል ወይ ብሎ ቃል ተቀባይን ጠየቃት። እሷ ግማሽ ሰዓት ብቻ እንዲሰጣት ለመነችው። በአንድ ፕሮግራመር እርዳታ ከሌሎቹ ጋር የሚያገናኘው ገመድ የተነቀለ ኮምፒውተር አዘጋጀች፣ በላዩ ከመጠባበቂያው የተረፈውን የማከማቻ ቅጂ ጫነች፣ አሥራ አንዱን ገጽ አትማ ሰጠችው። ሰውየው ከሃያ ዓመት በፊት ራሱ ፕሮግራመር ነበር። ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። አንደኛውን መስመር ሠራ። ሁለተኛውን ሠራ። ሦስተኛው ላይ መነጽሩን አወለቀና ጠረገ። አራተኛውን ጮክ ብሎ አነበበ፣ ትእዛዙን ጻፈ፣ ተጫነው። ስክሪኑ ዝም አለ።

"ከዚያስ?" አላት ሥራ አስኪያጁ።

"ከዚያ ምንም የለም" አለችው። "አጥፍተውታል።"

 ሰውየው ሳያውቀው የቀኝ እጁን ጣቶች በግራ መዳፉ ሸፈናቸው። ደብዳቤውን ያን ዕለት ቀደደው፤ መመሪያውንና አብነቱን እንደገና የመሥራት ኃላፊነትም ለእሷ ሰጠ።

የያዘችው መንገድ ከፖሊስ ጣቢያው ያመጣችው ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ታስቀምጣለች፤ አዲስ ተቀጣሪን፣ የድርጅቱን ሹፌር፣ አንዴም የጽዳት ሠራተኛዋን። ከጎኑ ትቀመጥና አትናገርም። እጁ የት ላይ እንደቆመ፣ ዓይኑ የትኛውን መስመር ሁለት ጊዜ እንዳነበበ ትመዘግባለች። ሰዎች ሲሳሳቱ ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ይሰበስባሉ። ሹፌሩ ሳይቀር፣ ያ ተራራ የሚያክል ሰው፣ አንዴ ስክሪኑ በቀይ ሲሞላ አንገቱን ቀበረ። ማን ይመታዋል? ግን ቀበረ። እሷ ያንንም ጻፈች።

አብነቱ ውስጥ የነበሩትን ባዶ ቦታዎች በሚሠራ ምሳሌ አስሞላቻቸው፤ አዲስ ሰው ምንም ሳይነካ ቢልከው እንኳ ይሄድለታል፤ ከዚያ እየለወጠ ይማራል። "ቀላል ነው" የሚለውን ከሃያ ሦስት ቦታ አወጣችው። ቀላል ከሆነ አንባቢው ራሱ ያየዋል፣ ካልቀለለው ደግሞ ስድብ ነው ትል ነበር። አራተኛው መስመር ጠፋ። ማጽጃው ስም ካላገኘ ሥራውን አቁሞ እንዲህ እንዲል ተደረገ፦ "የፎልደሩ ስም አልተጻፈም። ምንም አልጠፋም። ስሙን ሞልተው እንደገና ይሞክሩ።" ይህን የሠራው ፕሮግራመር "ምንም አልጠፋም" የምትለዋ ትርፍ ናት፣ የታወቀ ነው ብሎ ተከራከራት። እሷ ግን ወይ ፍንክች አለች፤ የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ነው ብላ።

ኤሌክትሪሺያኑ በአራተኛው ወር ተመለሰ። ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም። በግራ እጁና በቀሩት ሦስት ጣቶች እየጻፈ፣ በአዲሱ መመሪያ የመጀመሪያ ጥቅሉን ላከ። ከዚያ ወዲያ የሚስተካከለው አልነበረም፤ እሷ ያላየችውን ጎደሎ የሚያይ እሱ ሆነ። ዓመት ሳይሞላ አዲስ የሚመጡትን የሚያስተምረው እሱ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አንድ ጠዋት ኤሌክትሪሺያኑ አዲስ የተቀጠረች ሴትዮ ያስተምራል። ሴትዮዋ ብዙ ዓመት ገንዘብ ተቀባይ የነበረች፣ ዝምተኛ፣ ጥንቁቅ ሰው ናት። ዘጠነኛው መስመር የተሻሻለን ጥቅል እንደገና ከመላክ በፊት የእትሙን ቁጥር ከፍ ማድረግ እንደሚገባ ይናገራል፤ ማከማቻው ተራውን የሳተ ቁጥር አይቀበልም። ሴትዮዋ ላከች፤ ማከማቻው አልቀበልም አላት። ደገመች፤ አልቀበልም። አራት ጊዜ። በአምስተኛው ኤሌክትሪሺያኑ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

"ስንት ጊዜ..." አለና ማጅራቷን በመዳፉ መታት። ግንባሯ የስክሪኑን ጠርዝ መታ፤ ቆዳው ተሰነጠቀና ደም ቅንድቧ ላይ ፈሰሰ።

 ኤሌክትሪሺያኑ ያችን የተጣመመች እጁን የሌላ ሰው እንደሆነች ሁሉ ያያታል። ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ቃል ተቀባይን አየ። ትሸፍንለታለች ብለው ነው። እጇን ይዞ ከሦስተኛው ምት ያዳናት ሰው ነው፤ እንደ ወንድሟ ታየዋለች። 

ፎጣ አምጥታ ለሴትዮዋ ግንባር ያዘችላት፣ ሥራ አስኪያጁን አስጠራች፣ ከዚያ ወረቀት አወጣች። መጀመሪያ ሴትዮዋን ጠየቀች፤ የት ተቀምጣ እንደነበር፣ ከዚያስ። ቀጥላ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞረች።

"እትዬ፣ እጄ ቀደመኝ" አላት።

"እጅህ አልቀደመህም። ምን አደረግክ?"

 "መታኋት" አላት።

ጻፈችው። በሦስት ጣቱ ፈረመ።

ሴትዮዋ አራት ስፌት ተሰፋች። ፖሊስ ጋ መሄድ አልፈለገችም፤ ምርጫው የእሷ ነበር። እሱ ግን ሁለተኛ ከኋላዬ እንዳይቆም አለች። ሥራ አስኪያጁ ማስተማሩን ቀማውና ወደ ሌላ ክፍል አዛወረው። ኤሌክትሪሺያኑ ከቃል ተቀባይ ጋር አንድ ወር ተኩል አልተነጋገረም። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሲገናኙ፣ ልጆቹ በልተው ስላልጨረሱት ምግብ ሲጮህባቸው አንገታቸውን ሲቀብሩ ማየት መጀመሩን ነገራት፤ ድሮም ይቀብሩ ነበር፣ እሱ ነው ያላየው።  ትከሻውን ነካ አድርጋው አለፈች። ዛሬም ሰላምታቸው በራስ ንቅናቄ ነው።

ገንዘብ ተቀባይዋ በአራተኛው ቀን በግንባሯ ፕላስተር ለጥፋ ስትመለስ ቃል ተቀባይ ከጎኗ ተቀመጠች። ዘጠነኛው መስመር ላይ ምን እንደገጠማት ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አኖረች።

"ቁጥሩን ከፍ ያድርጉ ይላል" አለች። "ቁጥሮቹ ግን ሦስት ናቸው። በነጥብ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮች። የትኛውን? እኔ ሦስቱንም ባንድ ላይ ነው ከፍ ያደረግኳቸው፤ ከዚያ ፈርቼ የመጀመሪያውን መለስኩት፣ ከዚያ..."

ቃል ተቀባይ መስመሩን አየችው። መቶ ጊዜ አንብባዋለች። የመዶሻ አይደለም፤ የራሷ ጽሑፍ ነው። ፊቷ ሞቀ። ይህች ሴት በእሷ ዓረፍተ ነገር ተደናብራ፣ በእሷ ሰው እጅ ግንባሯ ተሰንጥቋል።

"የኔ ስህተት ነው" አለቻት። "አንቺ ትክክል ነሽ።"

ያንኑ ጊዜ መስመሩን ሰርዛ እንዲህ ጻፈች፦ "ትንሽ ነገር ካረሙ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ በአንድ ይጨምሩ። ለምሳሌ 1.4.2 የነበረውን 1.4.3 ያድርጉ።" ገንዘብ ተቀባይዋ አነበበች፣ ቁጥሩን ለወጠች፣ ላከች። ማከማቻው ተቀበለ። ሴትዮዋ ትንፋሿን ለቀቀችና፣ ቀጥሎ ያለው አሥረኛው መስመርም ትንሽ እንደማይገባት፣ ካላስቸገረች ልትጠይቅ እንደምትፈልግ በዝግታ ተናገረች። ቃል ተቀባይ ደህናው ጆሮዋ ወደ እሷ እንዲሆን ወንበሯን አዞረችና ማድመጥ ጀመረች።